ሳልምል

በእኛ ከተማ ጧት ሰው ከሰው ሲገናኝ የሚባባለው እንዲህ ነው።

«እንዴት አደርሽ?»

«ሳልምል፣ ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ሳልምል፣ እኔም ደህና።»

ዳቦ ቤት ስገባ ባለቤቱ ያሲን «ሳልምል፣ የዛሬ ነው» ይለኛል። ጫን አድርጌ ሳየው ድርቅ ያለ የትናንት ዳቦ ነው። አልጣላውም፤ መቼ ማለና። የገመድ ባቡሩ ረዳት «ሳልምል፣ አሁን እንነሳለን» ብሎ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጠናል። ሚስት ባሏን «ትወደኛለህ?» ስትለው «ሳልምል፣ እንዴታ» ይላታል፤ እሷም አትቀየምም። ልጆች አፋቸውን ሲፈቱ ከእማና ከአባ ቀጥሎ የሚይዟት ቃል ይህችው ናት።

ትዋብ ሰይድ እባላለሁ። የደሴ መሐላ ቤት አስማይ ነኝ፤ ቢያንስ እስከ ዛሬ ከሰዓት። አስማይ ማለት ሰው የሚያስምል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከእኔ የተሻለ አስማይ በወሎ የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ የማይወዱኝ አለቆቼም ይህንን አይክዱም። ሰው ከፊቴ ቆሞ አፉን ሳይከፍት ይምል እንደሆነ፣ አይምል እንደሆነ ከትከሻው አውቃለሁ። የሚዋሸውንና የማይዋሸውን አላልኩም። የሚምለውንና የማይምለውን ነው ያልኩት፤ ልዩነቱን ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ነገሩ እዚህ የደረሰው እንዲህ ነው። ማንም ሰው የማንንም ፊትና ድምፅ ለብሶ መናገር የሚችልበት ዘመን መጣ። የሞተ አባት ደውሎ ቤቱን ለጎረቤት ይናዘዝ ጀመር። አንድ ሚኒስትር በአንድ ቀን በሦስት ከተማ ሦስት የማይገናኝ ንግግር ሲያደርግ ታየ፤ ራሱ በአካል ቆሞ «እኔ ያኛው ነኝ» ቢል የሚያምነው ጠፋ። ውል፣ ካርታ፣ ፎቶግራፍ፣ ማኅተም፣ ሁሉም ገደል ገባ። ዳኞች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ መንግሥት ያልጠራው አንድ ምስክር ብቻ እንደቀረው ገባው። እግዜርን ቀጠረው።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። መንግሥትና ሃይማኖት እዚህ አገር ባልና ሚስት ናቸው፤ ይፋታሉ፣ ይታረቃሉ፣ መሐል የሚንገላቱት ልጆቹ ናቸው። አያቴ ከአያቷ የሰማችውን ትነግረኝ ነበር። አንድ ዘመን ላይ ንጉሥ «አገሬ በአንድ ሃይማኖት ይደር» ብሎ አዘዘና የእኛ ሰው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ቆይቶ ወታደር ነገሠና «እግዜር የለም» ተባለ፤ ሰው ቀን ሰልፈኛ፣ ማታ ጸሎተኛ ሆነ። ከዚያ አገር የጋራ፣ ሃይማኖት የግል የሚባልበት ዘመን መጣ፤ የግሉን ሁሉም በድምፅ ማጉያ ለጎረቤቱ አሰማ። አሁን ደግሞ መንግሥት ራሱ በር አንኳኩቶ «በምን ትምላለህ?» ይላል። ንጉሡ የፈለገው እምነታችንን ነበር። የአሁኑ የሚፈልገው ፍርሃታችንን ብቻ ነው፤ በዚህ በኩል የአሁኑ ይሻላል እል ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የሚምልበትን ያስመዘግባል። ክርስቲያኑ በመስቀሉ፣ እስላሙ በቁርአኑ፣ ሌላውም እንደየእምነቱ። ምንም የለኝም ያለ ሰው «በመንግሥት የሚምል» ተብሎ ይመዘገባል፤ እሱ ምስኪን ቤት የሚያከራየው አያገኝም። በመንግሥት የሚምል ተከራይ ማን ያስገባል? ባለፈው ዓመት ከየአገሩ አስማዮች ተሰብስበን ነበር። በአያቶቻቸው መቃብር የሚምሉ አሉ፤ በባሕር የሚምሉ አሉ። ከአንድ ሩቅ አገር የመጣ ሰውዬ ምሳ ላይ ጠጋ ብሎ «እናንተ ታድላችኋል። የእኛ ሰው የሚምለው በሕገ መንግሥቱ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ያሻሽለዋል። የሚያሻሽለውን ነገር ማን ይፈራል?» አለኝ። እኔም ኮራሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ግን ከብዶን ነበር። ሁለት ሰው የሰማው መሐላ ይጸናል ተብሎ ሲታወጅ የእኛ ሰው አፉን የት ይክተተው? «አባቴ ይሙት ነገ እመጣለሁ» ያለ ሁሉ በማግስቱ ሲቀር መሐላው ተነጠቀ። መሐላ የተነጠቀ ሰው አይሸጥም፣ አይገዛም፣ አይከራይም፣ አያገባም፤ ቆሞ የሚሄድ ሬሳ ነው። ወላሂ፣ እማምላክን፣ እኔ ልሙት ስንል የኖርን ሰዎች ነን እኮ። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና ስንቱ ሰው በሻይ ቤት ወሬ ቤት አልባ ሆነ። ሳልምል የምትባለዋ ቃል የመጣችው ያኔ ነው። ማን እንደጀመራት አይታወቅም፤ በአንድ ክረምት ከተማውን ሞላችው።

ሕጉ ራሱ አጭር ነው። በንብረት የተካሰሱ ሰዎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለይዞታው ነው። «የኔ ነው» ብሎ ከማለ ነገሩ እዚያው አለቀ። «አልምልም» ካለ መሐላው ወደ ከሳሹ ይዞራል፤ ከሳሹ ከማለ ይወስዳል። ወረቀት የለ፣ ጠበቃ የለ፣ ቀጠሮ የለ። በቀጠሮ ያረጀ ሰው ሁሉ መርቆን ነበር። አንዲት ትርፍ አንቀጽ ብቻ አለች፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ ነገሩን ማስቆም ይችላል። የድሮ ሰው በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው የሚወርድ ውሃም ይቆማል ይል ነበር፤ ለሱ ማስታወሻ ያስገቧት ይመስለኛል። ያስቆመው ሰው ግን በማግስቱ የበላይ ችሎት ቀርቦ ምሎ ማስረዳት አለበት፤ ካላሳመነ መሐላውን ይነጠቃል። ስለዚህ ማንም ብሏት አያውቅም።

ሕጉን ያረቀቁት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ መሐላ በሚፈራ ቤት ያደገ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ቤቱን የሚያጣ ከሆነ ሰው እውነቱን ይምላል ብለው አሰቡ። እኛ ዘንድ ደግሞ መሐላ የሚፈራው እውነት የያዘው ነው። ደህና ሰው በእውነትም አይምልም፤ ይቅርብኝ ብሎ ይሄዳል። እናቶቻችን ያሳደጉን እንዲያ ነው። እንግዲህ በዚህ ሕግ ስንኖር የከተማው ጥሩ ጥሩ ቤት፣ የፒያሳ ሱቅ፣ የሆጤ ግቢ፣ ቀስ በቀስ የሚምሉ ሰዎች ሆነ። የማይምሉት ወደ ጦሳ ተራራ ዳገት ዳገቱን እየወጡ ሰፈሩ። ከመሥሪያ ቤቴ መስኮት ቆርቆሯቸው ይታየኛል። ይህንን አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። እኔ የማስምለው እንጂ የማልኩት አይደለሁም፣ ሕግ ሕግ ነው፣ እል ነበር። ጧት ተነስቼ፣ ለብሼ፣ አጊጬ እሄዳለሁ።

እማ ዘሀራ የመጣችው በሰኔ ነው።

አዳራሻችንን ላላያችሁት ልንገራችሁ። በአንድ ወገን ቁርአን፣ በሌላው ወገን መስቀልና ጧፍ አለ። መሐል ላይ ደግሞ ከፈረሰ ቤተ ክርስቲያን የመጣ አሮጌ የእንጨት በር ከነመቃኑ ብቻውን ቆሟል። ወዴትም አያስገባም። ክርስቲያኑ ይዞት «ብዋሽ እንደዚህ በር ይዝጋብኝ» ብሎ ይዘጋዋል። አዳራሹ ሲጸዳ እንኳ የጽዳት ሠራተኞቹ በበሩ ውስጥ አያልፉም፤ ይዞሩታል።

እማ ዘሀራ ነጭ ሻሿን አስራ፣ ከበራፉ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ሆጤ ውስጥ ከገመድ ባቡሩ ጣቢያ አጠገብ ያለችውን ቤት የማያውቅ የለም፤ የማን እንደሆነችም እንዲሁ። ከሳሿ ምትኩ ደረሰ ነው፤ ጋራዥ አለው፣ ለመሐላ ቤት ደንበኛ ነው፣ በሩን ሲዘጋው አዳራሹ ይንቀጠቀጣል። ምትኩን የወለደችው እናቱ በወሊድ ሞታለች። በዚያው ሰሞን እማ ዘሀራ ልጅ ሞቶባት ጡቷ ሞልቶ ነበርና ሕፃኑን ወስዳ አጠባችው። ስሙንም ያወጣችው እሷ ናት፤ የሞተባት ልጅ ምትክ ነውና። የሆጤ ሰው እስካሁን የዘሀራ ምትኩ ነው የሚለው። እሱ ነው እንግዲህ «ቤቱ የአባቴ ነው፤ ለሷ በውሰት ነው የተሰጣት» ብሎ የመጣው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። አስማይ ከባለጉዳይ ጋር መቀመጥ የለበትም፤ ተቀመጥኩ እንግዲህ።

«እማ ዘሀራ፣ ቤቱ የማን ነው?» አልኳት።

«የኔ ነዋ። ድንጋዩን ባሌ አሊዬ ከቦርከና ወንዝ ተሸክሞ አመጣ፤ ጭቃውን እኔ ረገጥኩ።»

«እንግዲያው ገብተው ይህንኑ ይማሉ። አንዲት ቃል ናት፤ ከዚያ ማንም አይነካዎትም።»

«አልምልም።»

«እውነት ነው እያሉ?»

«እውነት ስለሆነ ነዋ። ልጄ፣ የአላህን ስም ለጭቃ ግድግዳ አላነሳም። ግድግዳው ነገ ይፈርሳል። ሁለቱን እንዴት አድርጌ አንድ ሚዛን ላይ ላስቀምጣቸው?»

«ይወስድብዎታል እኮ። የት ሊወድቁ ነው?»

«አውቃለሁ። ስለ ቤቴ አልቅሻለሁ፤ ዓይኔን አታይም?» አለችና በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። «ግን ከዚህም የባሰ አለ። እኔ ካልማልኩ እሱ ሊምል ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አንቺ ነሽ የምታስምይው?»

«ሥራዬ ነው።»

«ያ ረቢ» አለች። ተናደድኩ፤ በሷም፣ በራሴም፣ በምትኩም። ተነስቼ ገባሁ።

አዳራሹ በሆጤ ሰው ተሞልቷል። ሁሉም እውነቱን ያውቃል፤ ምሎ የሚመሰክር ግን አንድም የለ፤ ጨዋ ሰፈር ነው። ስም ጠሪያችን ሽመልስ ሁለቱን አቆማቸው። እማ ዘሀራን በሕጉ መሠረት ጠየቅኳት፤ «አልምልም» አለች። ወደ ምትኩ ዞርኩ። ትከሻው ቀጥ ብሏል፤ ይምላል። ሄዶ የበሩን እጀታ ያዘ።

«ቆይማ» አለች እማ ዘሀራ። ለእኔ ነው። «ቤቱ እስካሁን የማን ነው?»

«እሱ እስኪምል የእርስዎ ነው።»

«የራሴን መስጠት እችላለሁ?»

ሽመልስ አየኝ። «በአስማይ ፊት በቃል የተሰጠ ስጦታ ይጸናል» አልኩ።

«እንግዲያው ለምትኩ ሰጥቼዋለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ምትኩ እጀታውን እንደያዘ ዞረ። «ስጦታ ማን ለመነሽ? የአባቴ ነው ብያለሁ።»

«ያልከውን ሰማሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል።» በዱላዋ ተደግፋ ወደሱ ተጠጋች። «ያንን አፍ ያጠባሁት እኔ ነኝ። በሐሰት አላስምለውም። አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛውን በዚህ በር አልሸኝም። ቤቱ ከሆነ የፈለግከው፣ ያውልህ። አሁን የኔ ነው ብትል እውነት ይሆንልሃል።»

ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «ግን እንዲያው በነጻ አይደለም። ጡረኝ፣ ቅበረኝ ብዬ ነው የሰጠሁት። የት ልሂድ? ቤቱን ከነእኔ ይውሰድ» አለች።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የሆነውን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝና። ልጄ ልጄ እያለች ስትለምነው የኖረች ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሳሿን ልጇ አደረገችው። ተንኮል ይሁን የዋህነት እስካሁን አላወቅኩም። የወሎ ሴት ላይ ሁለቱ አብረው ያድራሉ።

«ምትኩ ደረሰ» አልኩ፣ «ሁለት መንገድ አለህ። ቤቱ የአባቴ ነው ብለህ መማል ትችላለህ፤ ትወስዳለህ። ስጦታውን ተቀብለህ፣ ሰጥታኛለች፣ እጦራታለሁ ብለህ መማል ትችላለህ፤ ያኔም ትወስዳለህ። እስካሁን ያልከውን ሳትምል ነው ያልከው፤ አይያዝብህም። በየትኛው ትምላለህ?»

በሁለቱም ቤቱ የሱ ነው። ልዩነቱ አንዲት አሮጊት ናት። ስንት ዓመት ትኖራለች ብሎ አስልቶም ይሆናል፤ ክፉ አሳቢ ነኝ፣ መሥሪያ ቤቴ አስተምሮኛል። ሆኖም ከትከሻው ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። ወረደ። እንደዚያ ሲወርድ አይቼው አላውቅም።

«ቤቱ የዘሀራ ነበር» አለ። «ሰጥታኛለች። እስክትሞት እጦራታለሁ፣ ስትሞት እቀብራታለሁ። ይህንን ባፈርስ እንደዚህ በር ይዝጋብኝ።»

በሩን ሳያላትም፣ በቀስታ ገፋው። ሲዘጋ ድምፅ አልነበረውም። እኔ በዚያ አዳራሽ እውነት ሲማል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የማለውም ሊሰርቅ የመጣ ሰው ነው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሕጉ ሠራ አልኩ። እንዲህ ነኝ እንግዲህ።

ምትኩ ቃሉን ጠበቀ። ዕቃውን ይዞ እማ ዘሀራ ጋ ገባ። ዓርብ ዓርብ በክንዷ ይዞ መስጊድ በር ድረስ ያደርሳታል፣ ሶላቷን ጨርሳ እስክትወጣ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የሆጤ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፤ «ቤት ሊወስድ ሄዶ እናት ተጫነው» አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ሰው ሁሉ ልብ አለ። ምትኩ ሳልምል ማለት ተወ። መኪና ሊያሠራ የመጣ ሰው «መቼ ይደርሳል?» ሲለው «ሐሙስ» ይላል፤ ሐሙስ ይደርሳል። ካልደረሰም «አልደረሰም» ይላል። ደንበኞቹ መጀመሪያ ደነገጡ። ሳልምል ያላለበት ቃል ሰገባ የሌለው ቢላ መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ለመዱት፤ ጋራዡም ሰው በሰው ሆነ።

እንግዲህ ሰው በሰው የሆነ ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። ትናንት ምትኩ ተከሶ ቀረበ።

ከሳሹ ከሸዋ በር በኩል የመጣ፣ ሸሚዙን የተኮሰ ወጣት ነው። የመሐላ ትምህርት ቤት ከተማሩት ውስጥ ነው፤ እንዲያ ያለ ትምህርት ቤት አለን አሁን፤ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ዓይን እንዳይርገበገብ ያስተምራሉ። «ጋራዡ የአጎቴ ነበር» አለ። ምትኩ ጋራዡን ከመሠረቱ በገዛ እጁ ሲሠራ ያላየ ሰው በከተማው የለም። እማ ዘሀራ ከፊት ወንበር ላይ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች።

ሳልጨነቅ ጠየቅኩ። ይህ ሰው ሐሰቱን እንኳ ስንቴ የማለ ነው፤ እውነቱን እንዴት ያቅተዋል?

«ምትኩ ደረሰ፣ ጋራዡ የኔ ነው ብለህ ትምላለህ?»

በሩን አየው። እጁን ግን አላነሳም።

«አልምልም» አለ።

መስማቴን ተጠራጠርኩ። «ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው። አልምልም።»

ሥርዓቱን ጥሼ ከወንበሬ ተነሳሁና አጠገቡ ሄድኩ። «ምን ሆነሃል?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ድሮ በሩን ልትነቅለው ትደርስ አልነበር?»

«ድሮ ምንም አልነበረበትም፣ እትዬ ትዋብ» አለኝ። «ባዶ እንጨት ነበር። አንድ ቀን እውነት ማልኩበትና ያን ቀን ሰው እንዳለበት አወቅኩ። አሁን ለጋራዥ ብዬ አልነካውም። እፈራዋለሁ።»

«በምን ልትጦራት ነው? ቃልህስ?»

«ጉልበት አለኝ። ድንጋይ እሸከማለሁ፤ ባሏም የተሸከመው ድንጋይ ነው።»

ወደ እማ ዘሀራ ዞርኩ። «ይንገሩት እንጂ፣ የራሱን እኮ ነው።»

«እኔ ያላደረግኩትን ምን ብዬ ልንገረው?» አለች። እያለቀሰች ነበር፤ ፊቷ ግን ያዘነ ሰው ፊት አልነበረም። አንድ እናት ልጇ ሲዳር የምታለቅሰው ዓይነት ነው።

ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ሕጉ ግልጽ ነው። ባለይዞታው አልምልም አለ፤ መሐላው ወደ ከሳሹ ይዞራል። ወጣቱ ሳልጠራው ተነሳ። ትከሻውን አየሁት፤ ይምላል። እጁም አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኑም አይርገበገብም። በመስኮቱ በኩል የጦሳ ዳገት ቆርቆሮ ያበራል። እዚያ ላይ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ከዚህ በር ፊት ቆመው እማ ዘሀራና ምትኩ ያሉኝን ነው ያሉኝ፣ እኔም «ቀጣይ» ብያለሁ። ምትኩ ነገ እዚያ ነው። አሮጊቷም አብራው ነች። ከዚህ በኋላ ደግሞ በዚህ ከተማ የሚቀረው ይህ ሸሚዙን የተኮሰ ልጅ ነው።

እጀታውን ያዘ።

«በሕግ አምላክ» አልኩ።

ጮኼ አላልኩትም። አዳራሹ ግን ቆመ። ወጣቱ እጁ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ። ሽመልስ አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ማን እንዳለው ሊፈልግ ወደ ሕዝቡ ዞረ፣ ከዚያ መልሶ አየኝ።

«እትዬ ትዋብ፣ አስማይ እኮ ነሽ» አለኝ።

«አዳራሹ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ይላል ሕጉ። እኔም አዳራሹ ውስጥ ነኝ» አልኩት። «ነገሩ ቆሟል። ምትኩ፣ ጋራዥህን ክፈት። አንተም ልጅ፣ እጅህን ከበሩ ላይ አንሳ።»

አነሳው።

ዛሬ ከሰዓት የበላይ ችሎት እቀርባለሁ። የሚሉትን አውቃለሁ፤ ሥርዓቱን ካስተማርኳቸው ሰዎች ግማሾቹ እዚያ ናቸው። መጀመሪያ «ማይ» ይሉኛል። በማን እንደምምል እንኳ አያውቁም፤ አባቴ እስላም፣ እናቴ ክርስቲያን ስለሆኑ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አሰናድተው ይጠብቁኛል። እኔ ግን አልምልም። ቆሜ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፦ ይህ ቤት የፈጣሪን ስም ለማይፈሩት ሸጦታል፣ የሚፈሩትንም ተራራ ላይ ሰቅሏቸዋል እላቸዋለሁ። ማመን የእነሱ ፈንታ ነው። አልማለችም ብለው መሐላዬን ቢነጥቁኝ ዳገቱን አውቀዋለሁ፤ እማ ዘሀራና ምትኩም አልጋ አያሳጡኝም። ሲነጥቁኝ ግን ሰው ሁሉ ያያል፤ ከተማው ውስጥ ሰው ሲያስምል የኖረው አፍ አልምልም ማለቱን ይሰማል። ይህ እንደሚበቃ እርግጠኛ ነኝ።

ዛሬ ጧት እንደ ሁልጊዜው ዳቦ ቤት ገባሁ።

«እንዴት አደርሽ፣ ትዋብ?» አለኝ ያሲን።

«ደህና ነኝ» አልኩት።

ቀሪዋን ቃል ጠበቀ። አልጨመርኩም። እጁ ዳቦው ላይ እንዳለ ትንሽ ቆመና ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ያነሳውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄ የትናንት ነው፣ እህቴ» አለኝ። «የዛሬው አሁን ይወጣል፤ ትንሽ ቆዪ።»

ቆየሁ።